በሮብሌ ስም የመጣ ግብዣ

አሊ ሳቢህ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2000

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለሱጌ ፋራህ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ። የማርሴይ ብርድና ነፋስ እንደምን ይዞሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የአባትህ እህት ኤዶ ኸድራም ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም አለ እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። አላህ አንተንም ልጃቸውን ሮብሌንም ከክፉ ይጠብቅልን።

ዛሬ የምጽፍልህ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ልጅ ፎዚያ በቱሪስት ቪዛ ፈረንሳይ ሄዳ፣ ሦስት ወር ከባሏ ጋር ከርማ ተመለሰች። ከባቡሩ ስትወርድ ሆዷ ቀድሟት ነው የወረደው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንዳትለኝ፤ ብትለኝም ግድ የለኝም። ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው፤ አብረን የኖርነው ግን አሥራ አንድ ወር። እኔም ሠላሳ ሁለት ሞላኝ። ሰርግ ቤት ስሄድ ሴቶቹ ከባለትዳሮቹ ጋር ያስቀምጡኝ ወይስ ከልጃገረዶቹ ጋር ግራ ይገባቸዋል። ለገዛ ባል ቱሪስት መሆን ያሳፍራል፤ ቢሆንም ቱሪስት አድርገኝና ልምጣ።

ፎዚያ እንደነገረችኝ ከአንተ የሚፈለገው የምትኖርበት ማዘጋጃ ቤት ማኅተም ያደረገበት የግብዣ ወረቀት ነው። እሱን ላክልኝ፤ ሌላውን ለእኔ ተወው።

ኤዶ ደግሞ አንድ ነገር ጻፊልኝ ብለውኛል። አንተና ሮብሌ ጅዳን ለቃችሁ ፈረንሳይ ከገባችሁ ወዲህ የልጃቸውን ድምፅ አልሰሙም። ገንዘቡ ይመጣል፤ «መርከብ ላይ ነው» የሚለው መልእክትህም ይመጣል፤ ድምፁ አይመጣም። «ባሕሩ ጉሮሮውን ነው እንዴ የያዘው?» ይላሉ። በካሴት ሁለት ቃል ቢሆን ይቅዳላቸው።

ናፋቂ ሚስትህ፣ ሻምሶ ዋይስ


ማርሴይ፣ ማርች 11 ቀን 2000

ለተከበርሽው ባለቤቴ ለሻምሶ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ፤ ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤ ስዞር ነው ጊዜው የሄደው። ሥራ በዝቷል። ቀኑን ሙሉ የመርከብ ሆድ ውስጥ ተንጋልዬ ብረት ስበይድ ውዬ ማታ እጄ እርሳስ አይዝልኝም።

ሐሳብሽ መልካም ነው፤ ግን እስኪ ረጋ እንበል። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ የጋራ መታጠቢያ ያለበት ቤት ነው፤ ላንቺ የሚሆን አይደለም። ለሚመጣው ዓመት የተሻለ ቤት ልፈልግና ያኔ ትመጫለሽ፣ ኢንሻላህ። እስከዚያ የምትለብሺው ጨርቅ በሰው ልኬልሻለሁ።

ሮብሌ ደህና ነው፤ መርከብ ላይ ነው። ካሴት መቅጃው ተበላሽቶብናል። ለኤዶ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ባለቤትሽ ሱጌ


አሊ ሳቢህ፣ ማርች 29 ቀን 2000

ይድረስ ለሱጌ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጨርቁ ደረሰኝ፤ ውብ ነው። ለማን ልልበሰው?

ክፍልህ ጠባብ ናት አልክ። እኛ እኮ የተጋባነው እናትህ ጎተራ ውስጥ፣ በአንድ ፍራሽ ላይ ነው። መታጠቢያው የጋራ ነው አልክ። እዚህ ውሃ በቦቴ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው። ከእነዚህ የተሻለ ምክንያት ካለህ እሱን ጻፍልኝ።

ሌላ ሴት ካለችም ንገረኝ። ሃይማኖታችን አራት ሚስት ይፈቅዳል፤ አንድ ውሸት ግን አይፈቅድም። አልቅሼ ይወጣልኛል። ወረቀቱን ካላክልኝ ግን ወንድሞቼን ይዤ ቃዲው ዘንድ እቀርባለሁ፤ እሱ ይጠይቅህ።

ኤዶ ስለ ካሴት መቅጃው ስነግራቸው ምንም አላሉም። ኤዶ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም።

ሻምሶ


ማርሴይ፣ ሜይ 9 ቀን 2000

ለባለቤቴ ለሻምሶ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሌላ ሴት የለችም፤ ብዋሽሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። በየቀኑ ስምሽን ሳልጠራ እንጀራ አልቆርስም። እንዳትመጪ የምፈልግ እንዳይመስልሽ። የፈለግኩትን ያህል ደፋር አይደለሁም እንጂ።

ወረቀቱን ይኸው ልኬልሻለሁ። ጋባዥ ተብሎ የተጻፈው ሮብሌ ዲሪር ነው፤ አይግረምሽ። ቤቱ የተከራየው በእሱ ስም ስለሆነ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሰጠው ለእሱ ነው። ለምን እንደምትሄጂ ሲጠይቁሽ የባሌን ያክስት ልጅ ልጎበኝ ነው በይ። ስለ እኔ ካልጠየቁሽ አታንሺ።

አደራሽን፣ ከዚህ ወረቀት፣ ከፓስፖርትሽና ከሁለት ጉርድ ፎቶ ሌላ ምንም አትውሰጂ። ሕዝብ መዝገብ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ወረቀቱንም ለኤዶ አታሳዪ፤ ልጃቸው እሳቸውን ትቶ አንቺን ጋበዘ ብለው ያዝናሉ።

ሱጌ


አሊ ሳቢህ፣ ጁን 2 ቀን 2000

ይድረስ ለሟቹ ባለቤቴ!

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ሙታን ሰላምታ የሚመልሱ ከሆነ። እየሳቅኩ ነው የምጽፍልህ፤ ምክንያቱን ስትሰማ አንተም ትስቃለህ።

ወረቀትህን ይዤ ጅቡቲ ከተማ ቆንስላው ዘንድ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ጸሐፊ አገላበጠውና «ጋባዡ ዘመድሽ ለመሆኑ ማስረጃ የት አለ? የቤተሰብ መዝገብ አምጪ፤ የቅርብ ዘመድም ይዘሽ ቅረቢ» አለኝ። አትሂጂ ያልከኝን አልረሳሁም፤ ግን ምን ላድርግ፣ ያለዚያ ማመልከቻውን አይቀበሉም። ስለዚህ እዚሁ መዝገብ ቤት፣ አይናን ዘንድ ሄድኩ። ጥርሰ ፍንጩ አይናን፣ አብሯችሁ የተማረው። ጫት ከመምጣቱ በፊት ልጨርስ ብሎ ሲጣደፍ፣ ገጹን ገለጠና ቀጥ አለ።

«ሻምሶ፣ ማንን ልትጎበኚ ነው ያልሽኝ?» አለ።

«ባሌን ነዋ። በወረቀት ግን ያክስቱን ልጅ።»

«ባልሽ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው እኮ።»

«አይናን፣ ዛሬ ሳትቅም ነው እንዴ የመረቀንከው?»

«ይኸው ነዋ! ሱጌ ፋራህ፣ ጅዳ፣ ጁን 1997፣ በሕመም ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። በሚኒስቴሩ በኩል የመጣ ወረቀት ነው፤ የቀድሞው ጸሐፊ መዝግቦት ዝም ብሏል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው!»

«በማርች ጨርቅ ልኮልኛል።»

«እንግዲያው ከዚያም ወዲያ ገበያ አለ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ ከሰዓት በኋላ ገበያ ስወጣ አንዷ «አላህ ያጽናሽ» ስትለኝ ሌላዋ እልል አለች።

እንዲታረም ጠይቄያለሁ። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ሚኒስቴሩ ለጅዳ ይጽፍና የሆስፒታሉንና የመቃብሩን መዝገብ ያስመጣል፤ ማን ባንተ ስም እንደተቀበረ ይታወቃል። ምስኪን፣ የማን ልጅ ይሆን? ቤተሰቡ አሁንም ይጠብቀው ይሆናል።

ለዘመድነቱ ማስረጃ ደግሞ ከኤዶ የተሻለ ማን አለ? የጋባዡ እናት ናቸው። ስነግራቸው ከአልጋቸው ተነሥተው ሻንጣ አወረዱ። «ለልጄ ምስክር ልሁን እንጂ በእግሬም እሄዳለሁ» አሉ። ቀጠሯችን ጁን 18 ነው።

ባሏ የሞተባት ሻምሶ


ማርሴይ፣ ጁን 10 ቀን 2000

ሻምሶ፤

ይህን የምልከው ነገ በሚበር ሰው እጅ ነው። መዝገቡን ተዪው። የጠየቅሽውን ማረሚያ ሂጂና ሰርዢው፤ አይናንን ለምኚው፤ ለጅዳ እንዳይጻፍ።

ኤዶን ቆንስላው ዘንድ አትውሰጂያቸው። ታምመዋል በይ። ጉዞውን ተዪው፤ ቪዛውም ይቅር። ሁሉንም በኋላ አስረዳሻለሁ።

ስለ አላህ ብለሽ።

ሱጌ


አሊ ሳቢህ፣ ጁን 25 ቀን 2000

ይድረስ ለሱጌ ፋራህ፤

ሰላም ይሁን። ደብዳቤህን የያዘው ሰው ጅቡቲ ወርዶ ዘመድ ጥየቃ ገብቶ ኖሮ ትናንትና ነው ያደረሰልኝ። ሁለት ወር የምትዘገየው አንተ በስምንት ቀን መልስ መጻፍህን ሳይ፣ በሩን ዘግቼ አነበብኩት። ግን ካለፈ በኋላ ነው የደረሰው። ሄደን መጥተናል።

የሆነውን ልንገርህ። ኤዶ ነጠላ ጫማቸውን ለውጠው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ እንደ ሙሽራ እናት ሆነው ነው የሄዱት። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮና አንድ አስተርጓሚ ተቀመጡ። ሴትዮዋ የቤተሰብ መዝገቡን አየችና ባልሽ ሞቷል ወይ አለችኝ። ስህተት ነው ልል አፌን ስከፍት፣ ከፋይል ውስጥ የጋባዡን የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ አወጣችና ኤዶ ፊት አስቀመጠችው። ስሙ ሮብሌ ዲሪር። የልደቱ ቀን የሮብሌ። ፎቶው ያንተ።

«ይሄ ልጅዎ ነው?» አለች።

ኤዶ መነጽራቸውን ከቦርሳ አወጡ። በሻሻቸው ጫፍ ወለወሉት። ወረቀቱን አስጠግተው ብዙ አዩት። እኔ «ይሄማ» ብዬ ስጀምር ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዙኝ፤ ጥፍራቸው እስካሁን ምልክት አለው።

«ልጄ ነው» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች ሴትዮዋ።

«ያማጥኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ? ንገራት» አሉት አስተርጓሚውን። ሰውየው ሳቀ፣ ሴትዮዋም ፈገግ አለችና ጻፈች።

ወጥተን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ጥላ ስር ተቀመጥን። ውሃ ብሰጣቸው አልጠጡም። እኔ ወረቀት ተደባልቆ ይሆናል፣ ያን መዝገብ እንኳ ሲሳሳቱ አላየንም ወይ ስላቸው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤

«መዝገቡ አልተሳሳተም። ጅዳ ውስጥ ሰው ሞቷል። ሰው የሰውን ስም የሚለብሰው ባለቤቱ ሲያወልቀው ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ድምፁን አምጡልኝ› እያልኩ የምለምነው ከአፈር ነው።»

«ታዲያ ለምን ልጄ ነው አሉ?» አልኳቸው።

«አይደለም ብል ባልሽን ያስሩታል። እኔ ደግሞ ልጄ እንዴት እንደሞተ የሚነግረኝ አንድ ሰው ነው ያለኝ።»

አላለቀሱም። ቤት እስክንደርስ አንድ ነገር ብቻ ደጋገሙ፤ እንደተናገሩት እጽፈዋለሁ፦ «ሰውን ከሞተ በኋላ በሌላ ስም መቅበር አንድ ነገር ነው። ልጄን ሆስፒታል ስታስገባው በማን ስም አስገባኸው? በገዛ እግሩ ነበር የገባው? ሐሳቡንስ መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው፣ አንተ ወይስ እሱ?»

ቪዛው ወጥቷል። ፓስፖርቴ እጄ ላይ ነው፤ እስከ ሴፕቴምበር 30 ይሠራል። ለሰው አልተናገርንም፤ ኤዶ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጡም፤ መልስህን ነው የሚጠብቁት። እኔም እሱን ነው የምጠብቀው። ሱጌ፣ እንደምወድህ ታውቃለህ። ልብ የሚያሳርፍ መልስ ካለህ ቶሎ በል፣ በሚቀጥለው አውሮፕላን እመጣለሁ።

ሻምሶ


ማርሴይ፣ ኦገስት 17 ቀን 2000

ይድረስ ለሻምሶ፤ ለኤዶ ኸድራ የሚነበብ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። በሦስቱ ውስጥ ዋሽቻለሁ።

ኤዶ፣ ጅዳ ሳለን ሮብሌ ከእኔ የተሻለ ነበር። በያጅነቱን ያየ የፈረንጅ ድርጅት ወደ ማርሴይ ሊያዛውረው ውል ሰጠው፤ የቀረችው የጤና ምርመራ ብቻ ነበረች። እኔ የመኖሪያ ካርዴ ሊያልፍ ሁለት ወር ቀርቶት፣ የአሠሪዬን ፊት ካየሁ ሰንብቼ ነበር። ምርመራው እሑድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ሆዱን አመመው። ታሞ ከታየ ውሉ ለሌላ ይተላለፋል። ስለዚህ በእኔ ካርድ ሆስፒታል ወሰድኩት። ጅዳ ያለ የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያደርገዋል፤ መልካችን ለእነሱ አንድ ነው፤ እኛም ስንተያይ እንደ ወንድማማች ነበርን።

በገዛ እግሩ ነው የገባው። ትከሻዬን ተደግፎ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱ «ብሞትስ?» አለ። «ከሞትክ የምሞተው እኔ ነኝ» አልኩት፤ ሳቅን።

እዚህ ድረስ ያለውን ይቅር ልትሉኝ ትችሉ ይሆናል። የሚቀጥለው ግን አለ። ሐኪሙ ዓርብ ዕለት አንጀቱ ሳይፈነዳ መቀደድ አለበት፤ ትልቁ ሆስፒታል ይሄዳል፤ የአሠሪው ደብዳቤ ይምጣ አለኝ። የእኔ አሠሪ አይጽፍም። የሮብሌ ድርጅት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጽፍ ነበር። ከእኔ የሚፈለገው «ስሙ ይሄ አይደለም፣ ካርዱ ይኸውና» ማለት ብቻ ነበር። የእሱ ካርድ ኪሴ ውስጥ ነበር። ወጥቼ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እሑድ ምርመራው ይለፍና እናገራለሁ አልኩ። ዓርብም ቅዳሜም እዚያው አግዳሚ ላይ ዋልኩ።

እሑድ ጠዋት በእሱ ስም ተመርምሬ አለፍኩ። ለእሱ ብዬ ነው የሄድኩት እያልኩ ሦስት ዓመት ለራሴ ነግሬዋለሁ። ሐኪሙ ፊት ሸሚዜን ሳወልቅ ግን ሆዴ ውስጥ የነበረው ሐዘን ብቻ አልነበረም። አላህ አይቶኛል።

ስመለስ ገና በሕይወት ነበር። ከንፈሩ ደርቋል። «አለፍን?» አለኝ። «አልፈናል» አልኩት። ሰኞ ንጋት ላይ ሞተ። ሲቀበር የራሴን ካርድ ለመዝገብ ሰጥቼ የእሱን ይዤ ወጣሁ። አጥቤዋለሁ፤ የጀናዛ ሶላቱን ሰግጃለሁ። ሮዌይስ ከሚባለው ሰፈር የመጡ ሁለት የማያውቁት ሰዎች ነበሩ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ከዚህ በኋላ ግን የማዝነው ብቻዬን እንዳይሆን ሻምሶ ትምጣልኝ። ኤዶ፣ እኔ ልኬያታለሁ ብለው ያስቡ። እንደ ልጅ እጦርዎታለሁ፤ ገንዘቡ አንድ ወር አይቋረጥም።

ሱጌ


አሊ ሳቢህ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2000

ይድረስ ለሱጌ ፋራህ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ሴፕቴምበር 9 ደረሰ፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ለኤዶ አነበብኩላቸው። አግዳሚው ወንበር ጋ ስደርስ አቋረጡኝና «ስንት ቀን?» አሉ። «ሁለት» አልኩ። «ቀጥዪ» አሉ። «አልፈናል» ያልከው ላይ ደግሞ አቋረጡኝና መልሰሽ አንብቢው አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «እንግዲያው ደስ ብሎት ነው የሞተ» አሉና ያኔ ነው የጮኹት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጣ። ኤዶን አውቃለሁ ያለ ሰው ያን ጩኸት አያውቅም።

ለቅሶ ተቀመጥን። ዱዓ ተደረገ፤ ፍየል ታረደ፤ መስጊድ ውስጥ ስሙ ተጠራ፣ ሮብሌ ዲሪር ተብሎ። በአራተኛው ቀን ኤዶ ደብዳቤህን ይዘው በገዛ እግራቸው አይናን ዘንድ ሄዱ። አይናን በዚያ ቀን አልቀለደም። እንዳይሄዱ ለምኛቸው ነበር፤ ያንን አልክድህም። «ልጄ በሰው ስም ተኝቶ አያድርም» አሉኝ። መዝገቡ ታርሟል፤ አንተ በሕይወት አለህ፣ ሮብሌ ሞቷል። አይናን ወረቀቱ ወደ ሚኒስቴር እንደሄደ፣ ከዚያም ለቆንስላው እንደሚተላለፍ ነግሮኛል። በስንት ቀን ማርሴይ እንደሚደርስ እሱም አያውቅም። ምናልባት ከዚህ ደብዳቤ ይቀድም ይሆናል።

የላክኸውን ገንዘብ ኤዶ አልተቀበሉም፤ አመላላሹ መልሶልሃል። እኔ ወደ እሳቸው ቤት ገብቻለሁ፤ ዓይናቸው አሁን ጭርሱን አያይም፤ ከእኔ ሌላ የሚያበላቸው ሰው የለም።

ናፍቆትህ አልወጣልኝም። ያቺን የአንጀት ነገር የማላውቅ ሆኜ ብመጣ ብዬ ያሰብኩባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ሻንጣዬንም አንድ ጊዜ ዘግቼው ነበር። ግን ማታ ስተኛ፣ አንተ ጋ ብታመም የትኛውን ካርድ ታወጣልኝ ነበር እያልኩ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ።

ቪዛው ቅዳሜ ዕለት አለፈ። ፎዚያ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ለምን ሳልሄድ እንደቀረሁ ጠየቀችኝ። «የተፈቀደልኝ ሮብሌ ዲሪርን ልጎበኝ ነበር፤ ሮብሌ ደግሞ ሞቷል» አልኳት።

ሻምሶ ዋይስ